ያልተላጠው ሽቦ

እኔ የማምነው ሽቦ ነው። ሽቦ ወይ ያስተላልፋል ወይ አያስተላልፍም፣ መሀል ላይ የሚያመነታ ሽቦ የለም፣ ካመነታም አንድ ቦታ ላልቷል ማለት ነውና ፈልገህ ታጠብቀዋለህ፣ አለቀ። ስለዚህ ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ፣ ከገደል ስር ሆኖ ሰው በስሙ ይጠራል ስለሚባለው ነገር ሲወራ እኔ ሁልጊዜ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ሳቅህ ጉሮሮህ ላይ ይቀራል» ትለኝ ነበር። ዛሬም ጠንቋይ ቤት አልረግጥም፣ ክታብ አላስርም። እመነኝ ብዬም አልለምንህም፣ አንተ ብትነግረኝ ኖሮ እኔ አላምንህም ነበር። ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ በጨለማ ነው የሚጀምረው አይደል፣ የኔ ግን በቀን ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ባለበት ቀን።

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የምጠግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ብቻዬን ስለነበርኩ ጎበዝ ተባልኩ እንጂ ሙያውን የቃረምኩት ደሴ አንድ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ታላቅ ወንድሜ ምስጋናው ደግሞ ባለ በቅሎ ነበር፣ በጃንሆይ ጊዜ ፈረንጅ አፈናጦ አሸተን ማርያም የሚያወጣ፣ ፈረንጁ ሲጠፋ ከኮን ገበያ እህል ማመላለስ የያዘ ሰው። አንድ ቀን ከኮን ሲመለስ ሁለት መንገደኞች ጓዛችንን ጫንልን ሲሉት ጫነላቸው፣ ያው የመንገድ ወግ ነው፣ ማን ነህ ከየት ነህ ብሎ የሚመረምር ባለ በቅሎ የት አለ። ሰዎቹ ወንበዴዎች ናቸው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ከነጋቢው ጎትተው አወጡት፣ እጁን ወደ ኋላ የፊጥኝ አሰሩት፣ «ምን አጠፋሁ» ሲል አንደኛው በጠመንጃው ሰደፍ አፉን አለው፣ ሁለት የፊት ጥርሱ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ሚስቱ ጥርሶቹን ከጭቃው ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁ፣ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። አትፍረድብኝ፣ ያኔ የተነፈሰ ሁሉ የት እንደገባ ታውቃለህ።

አስራ ሁለት ቀን ታሰረ። የታሰረበት የድሮ ጎተራ ቤት ከቀበሌው ሊቀመንበር ግቢ በታች ጥቂት እርምጃ ነው፣ ምግብ የምታመላልሰው ሚስቱ ሳህኑን ይቀበሏታል እንጂ አታየውም፣ ልብሱን ለአጠባ ሲሰጧት ግን ሸሚዙ ጀርባው ላይ ከደም ጋር ደርቆ እንደ ቁርበት ይቆማል።

በአስራ ሦስተኛው ቀን ሻረው የሚባል አብዮት ጠባቂ ሱቄ መጣ። የገነተ ማርያም ሰው ነው፣ የወንድሜን አፍ በሰደፍ ያለው እሱ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር ይፈልጉሃል፣ ዕቃህን ያዝና ተነሳ» አለኝ።

«ምን ተበላሸ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሳጥኑ ያቃስታል ነው የሚሉት።»

የሊቀመንበሩ ቤት ከአንድ ባላባት የተወረሰ ነው፣ ክብ የድንጋይ ቤት፣ ፎቅና ምድር፣ ደረጃው በውጭ። ፎቁ ላይ ከነቤቱ የተወረሰ የሙዚቃ ዕቃ ነበር፣ ቴፑ፣ አምፕሊፋየሩና ሁለት ትልልቅ የድምፅ ሳጥኖች፣ አንዱ በግራ ግድግዳ አንዱ በቀኝ፣ መብራቱን የሚሰጠው ግቢ ውስጥ ያለው ጄኔሬተር ነው። ሊቀመንበሩ ወፍራም አይደለም፣ ረጅምም አይደለም፣ መንገድ ላይ ብታየው የምትፈራው ዓይነት ሰው አይደለም፣ የሚያስፈራው ሲናገር ድምፁን ከፍ አለማድረጉ ነበር።

«ማታ ከአውራጃ እንግዶች አሉብኝ፣ ግብዣ አለ፣ ጭፈራ አለ» አለኝ። «ይህ የግራው ይዘፍናል። የቀኙ ግን ሳምንት ሆነው፣ ያቃስታል።»

«ከኔ በፊት ማን ነካው ጓድ?» አልኩት፣ የሙያ ጥያቄ ነው፣ ሐኪምም እኮ ይጠይቃል። እሱ ግን የከሰስኩት መሰለው መሰለኝ በጥፊ አጮለኝ፣ ጆሮዬ ጭው አለ።

«ምስጋናው ወንድምህ ነው አይደል?» አለ ከዚያ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«አዎ ጓድ፣ ታላቄ ነው።»

«ሁለቱም ሳጥን ከዘፈኑ ዛሬ ቤቱ ያድራል። ካልዘፈኑ አሻጥር ነው፣ የአሻጥረኛ ፍርዱን ታውቀዋለህ፣ ሁለታችሁንም ጧት ቁልቁል አወርዳችኋለሁ።» ቁልቁል የሚባለው፣ ሰው የሚረሸንበት ቦታ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው በከተማዋ አልነበረም። ሻረውን በር ላይ አቁሞልኝ ወጣ።

ሥራ ጀመርኩ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ የአብዮት መዝሙር ካሴት ከተትኩ፣ የግራው ሳጥን መዝሙሩን ለቀቀው። የቀኙ መዝሙር የለውም፣ ከሆዱ ግን ዝቅ ያለ ነገር ይወጣል፣ እም… እም… የሚል፣ ትንፋሽ በጨርቅ ውስጥ ሲወጣ የሚሰማ ዓይነት። እኔ አልደነገጥኩም፣ ሽቦ ሲላላ ሳጥን ያጉረመርማል፣ ስንቱን ሰምቻለሁ። የኛ ሙያ ደግሞ ቀላል ሕግ አለው፣ የተጠረጠረውን ዕቃ ከጤነኛው ጋር ታቀያይራለህ፣ በሽታው ከማን ጋር አብሮ እንደሄደ ታያለህ። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የግራውን ሽቦ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ሰካሁ፣ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ቢሆን ማቃሰቱ ወደ ግራው ሳጥን መዛወር ነበረበት። አልተዛወረም። ቀጥሎ ሳጥኖቹን ራሳቸውን አቀያየርኩ፣ ሻረው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ። አሁን ጤነኛው ሳጥን ከቀኙ ሽቦ ጋር ሲገናኝ እሱም ማቃሰት ጀመረ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩም ሳጥኑም ነፃ ናቸው፣ ጥፋተኛው የቀኙ ሽቦ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልንገርህ፣ ከጥፋት ሁሉ ቀላሉ የሽቦ ጥፋት ነው፣ ወንድሜ እያነከሰ ቤቱ ሲገባ ታየኝ።

ጄኔሬተሩን አጥፉልኝ አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ከግቢ የበግ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሊቀመንበሩ በፍልሰታ በግ አምጥቶ ነበርና የሚያርድለት አጥቶ አብዮት ጠባቂዎቹን ሁሉ አራጅ ፍለጋ በየመንደሩ በትኗቸዋል፣ ጠመንጃ ይዞ ሰው የሚደበድበው ሁሉ በጾም ቢላ ማንሳት ፈራ፣ ይህንን እያሰብኩ ሳቄ መጣ።

የቀኙን ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ነቀልኩትና አንድ የባትሪ ድንጋይ ከኪሴ አወጣሁ። ይህን አስተውል፣ የሽቦውን ጫፍ በባትሪ ድንጋዩ ነካ ስታደርገው በሌላኛው ጫፍ ያለው ሳጥን ጠቅ ይላል፣ ጠቅ ካለ ሽቦው ደህና ነው፣ ዝም ካለ ተበጥሷል። ከዚህ ሌላ ሦስተኛ መልስ የለውም።

ነካሁት። ሳጥኑ ጠቅም አላለ፣ ዝምም አላለ። ድው የሚል ነገር ተሰማ፣ እርጥብ ጆንያ በዱላ እንደመምታት ያለ፣ ከዚያ እህ የሚል የሰው ትንፋሽ።

ሻረውን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

እንደገና ነካሁት፣ ሁለቴ። ድው፣ ድው። ትንፋሹም ሁለቴ። አሁን ንዴቴ መጣ፣ እኔ ደግሞ ዕቃ እምቢ ሲለኝ ክፉ ጠባይ አለኝ፣ ሬዲዮ በጥፊ የምመታ ሰው ነኝ፣ የሽቦውን ጫፍ በባትሪ ድንጋዩ ላይ ፈተግኩት፣ አስር ጊዜ ይሁን ሃያ ጊዜ አልቆጠርኩም፣ በላይ በላዩ። ከሳጥኑ ድው ድው ድው እያለ ወረደ፣ አጥንት ላይ ሲያርፍም ሥጋ ላይ ሲያርፍም ይለያል፣ ከመሀሉ አንድ ሰው «ኧረ በላሊበላ! ኧረ በቃኝ!» ብሎ ጮኸ። እጄን ሳነሳ ጩኸቱ ቆመ፣ ማለክለክ ብቻ ቀረ።

ሽቦ ሲረዝም አንዳንዴ የሬዲዮ ጣቢያ ይጠልፋል፣ ይህንን የማያውቅ የለም፣ ለራሴ ያልኩትም ይህንኑ ነው፣ ግን እስቲ ንገረኝ የትኛው ጣቢያ ነው በላስታ አነጋገር ላሊበላን እየጠራ የሚያለቅስ? ድምፁን ደግሞ አወቅሁት ልልህ አልፈልግም። የፊት ጥርስ የሌለው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኩት ሻረውን።

«እስተ ዛሬ እንዲያው ያቃስታል እንጅ እንዲህ ጮኾ አያውቅም» አለ፣ አማተበ፣ ያማተበበትን እጅ ደግሞ ቶሎ ሸሸገው። «ተወው አንተ፣ ይቅርብህ።»

«ትቼው ጧት ቁልቁል ልውረድ?»

ሽቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። በግድግዳው ጥግ ይሄድና ከተሰቀለ ሰሌን ኋላ ይገባል። ሰሌኑን ገለጥኩት። መሀል ላይ ሌላ ሽቦ ተቀጥሎበታል፣ ጥቁር፣ ወፍራም ጎማ የለበሰ፣ የጦር ስልክ ሽቦ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን። አቀጣጠሉን ሳይ ከዚያ ሁሉ ጭንቅ መሀል ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ሽቦ የሚቀጥል ሰው ጎማውን ልጦ መዳቡን ከመዳብ ጋር ይጠመዝዛል። ይህንን የቀጠለው ሰው ግን ከነጎማው፣ ሳይልጥ፣ ልክ የበሬ ጠፍር እንደሚቀጥል ገበሬ ሁለቱን ጫፍ አጠላልፎ ቋጥሮታል፣ ቋጠሮውን በጥርሱ ስቦ አጥብቆታል፣ የጥርሱ ምልክት ጎማው ላይ አለ።

«ማን ነው ይህን የቀጠለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሻረው። «ሳጥኑን ወደዚህ ግድግዳ አምጡት ሲሉ ሽቦው አጠረ። ምነው፣ አልጠበቀም እንዴ? በሬ አይበጥሰው እኮ።»

«ሽቦውን ከየት አመጣኸው?»

 ጠመንጃውን አነሳ፣ መልሶ አስደገፈው።

«ሰው የምናስርበት ነው» አለ በመጨረሻ። «ገመድ ሲጠፋ በሱ ነው የምናስር። ወንድምህን ያሰርሁበት ነው፣ ከፈታሁት ወዲያ ለሌላ ሰው አልሆነም።»

ጥቁሩን ሽቦ አገላብጬ አየሁት፣ በየመጠምዘዣው የደረቀ ደም ነበረበት፣ አንድ ቦታ ላይ የተላጠ የሰው ቆዳ ተጣብቋል። ይህ ነው እንግዲህ ያላመነው ጭንቅላቴ የቆመበት ቦታ። ጎማ በጎማ ላይ ነው የተቋጠረው፣ ግራም ቀኝም፣ በዚያ ሽቦ ውስጥ መብራት ሊያልፍ አይችልም፣ ምንም፣ ጭራሽ። የቀኙ ሳጥን ከተቀጠለበት ቀን ጀምሮ ከምንም ጋር የተገናኘ አልነበረም። ዝም ማለት ነበረበት።

አሁን የምነግርህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በዚያ ሰዓት ገብቶኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም እንጂ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ሽቦውን ፈትቼ መጣል፣ ንጹሑን ከንጹሑ መቀጠል ብቻ ነበር የቀረኝ፣ ለሥራው ሌላ ፈተና አያስፈልገውም። እኔ ግን ተመልሼ አምፕሊፋየሩ ጋ ተንበረከክሁ፣ የሽቦውን ጫፍ ያዝኩ፣ የባትሪ ድንጋዩን ያዝኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ አንዴ፣ ቀስ ብዬ፣ ነካሁት።

ድው አለ። ከዚህኛው በኋላ ጩኸት የለም፣ ረጅም ዝምታ ነው የሆነው፣ ከዚያ «ማነው?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ሻረው ጠመንጃውን ትቶ ደረጃውን ወረደ።

ቋጠሮውን በፒንሳ ልቆርጠው ስል እጄ እምቢ አለኝ፣ ምን እንደምቆርጥ አላወቅሁማ፣ በጥፍሬ ፈታሁት፣ ሁለት ጥፍሬ ተሰብሮ ደም በደም ሆነ። ጥቁሩን ሽቦ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ሳጥኑን ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ አስጠጋሁ፣ የሁለቱን ጫፍ ጎማ ልጬ መዳብ ከመዳብ ጠመዘዝኩ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሁለቱም ሳጥኖች እኩል ዘፈኑ። ሊቀመንበሩ ገብቶ መሀል ላይ ቆሞ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «ጎበዝ» አለኝ። የሰውየውን ሐቅ አልበላም፣ ቃሉን ጠበቀ።

ወንድሜን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስረከቡኝ። ውስጥ እግሩ ተተልትሏል፣ አይረግጥም፣ አዝዬ ነው ያመጣሁት። ሚስቱ ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርጋ አቀረበች፣ ጀርባውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። የዱላው ሰንበር ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተነባብሯል፣ የቆየው ጠቁሯል፣ የቅርቡ መግል ይዟል። በላዩ ላይ ግን ሌሎች ነበሩ፣ አዲሶች፣ ደማቸው ያልደረቀ፣ ከዱላም ከጅራፍም የቀጠኑ።

«እነዚህን ዛሬ ነው የመቱህ?» አልኩት፣ ምን እንዳስጠየቀኝ አላውቅም።

«ዛሬ የመታኝ ሰው የለም» አለ። የፊት ጥርስ ስለሌለው ቃሉ ያፏጫል። «ሁሉም በግ አራጅ ፍለጋ ሄደዋል፣ በሩ ተቆልፎ ብቻየን ነበርሁ። ቁጭ ባልሁበት አንዴ አረፈብኝ። ዘወር ብል ማንም የለም። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ እንደ በረዶ ወረደብኝ ወንድምዓለም፣ በላሊበላ ብየ ጮህሁ፣ ያን ጊዜ ተወኝ። በቃ አለቀ ስል፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት መጣች።»

ጨርቁን ውሃው ውስጥ ነከርኩት፣ ጨመቅሁት፣ መልሼ ነከርኩት።

«ያችኛይቱ ሌላ ናት» አለ። «የፊተኞቹ የንዴት ናቸው፣ ንዴት አውቃለሁ፣ እነ ሻረውም ተናደው ነው የሚመቱኝ። ያችኛይቱን የመታኝ ግን አስቦ ነው። ማነው ብየ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም።»

ሚስቱ ጉድ ነው አለች፣ አማተበች፣ ከህመሙ የተነሳ ሲቃዥ ነው ብላ ለጎረቤት አወራች። እኔ ዝም አልኩ፣ ዝምታ ለምጄ የለ።

ጥቁሩ ሽቦ አሁንም እኔ ጋ ነው። እንዳልጥለው የሚያነሳው ሰው ምን እንደሚያስርበት አላውቅም፣ እንዳላቃጥለው ፈራሁ፣ አንድ ጊዜ እሳቱ ድረስ አድርሼው ተመልሻለሁ። በጥጥ ጠቅልዬ ጣሳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ባትሪ ድንጋይ ያለበት ክፍል አላስገባውም። ሳቅ ካሰኘህ ሳቅ፣ እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ሻረው ሽማግሌዎች አስቀድሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ወንድሜ ደጅ መጣ። ምስጋናው ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት፣ «የሰው እጅ ነው፣ ይቅር ብየሃለሁ» አለው፣ ጠላ አጠጣው። ሊቀመንበሩንም የት እንደገባ ሳያውቅ ከሩቅ ይቅር አለው። አንዱን ብቻ እምቢ እንዳለ ኖረ። ያንን አስቦ የመታውን።

አሁን ታሟል፣ ዕድሜም ነው፣ ያን ጊዜ የተመታው ኩላሊቱም ነው። ሥጋ ወደሙ መቀበል ይፈልጋል፣ የንስሐ አባቱ ደግሞ በልብህ የያዝኸው ሰው ካለ መጀመሪያ ልቀቀው ብለውታል። ትናንት ልኮብኝ ሄድኩ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠኝ።

«አንዱን ለመልቀቅ ልቤ እምቢ አለኝ» አለኝ። «ስሙን ባውቀው ይቀልልኝ ነበር። ፊት ለፊት ቢመጣ እምረዋለሁ፣ ላሊበላን እምረዋለሁ፣ አንዲት ነገር ብቻ ነው እምጠይቀው፣ ሰው እንደሆንሁ እያወቀ ያችን የመጨረሻዋን ለምን ጨመረ?»

«እንጃ ወንድም ጋሼ» አልኩት።

እጄን ይዞ ትክ ብሎ አየኝ። «ነገ ተመለስ» አለኝ።

ነገ ያለው ዛሬ ነው። ጫማዬን አስሬ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሄጄ እንደምነግረው ለራሴ ምያለሁ። ግን ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ፣ ለማረጋገጥ ነው ልበለው?